ከነጻዎቹ የዩኒክስ ቤተሰብ ሥርዓቶች የትኛውን እንጫን? ከማሽኑ እስከ ማሻሻያው ቀን

«ሊኑክስ ልጫን ወይስ ፍሪቢኤስዲ?» ብሎ ምክር የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመለሰው ክርክር ነው። ሁሉም የለመደውን ያወድሳል፤ ያልለመደውን በአንድ ቃል ይጥላል። ጥፋቱን ሁሉ በመካሪዎቹ ላይ ማላከክ ግን አይቻልም። ጥያቄው ራሱ ከስም ይጀምራል፤ ስም ደግሞ መጨረሻ ላይ መምጣት ያለበት ነገር ነው። በእኔ እምነት አንድ ሥርዓተ ክወና የሚመዘነው በሚሻሻልበትና በሚበላሽበት ቀን ነው። መጫኑ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቀሪዎቹ ዓመታት የደኅንነት ዝማኔ መከታተል፣ ከዕትም ወደ ዕትም መሸጋገር፣ ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ከዲስክ ጋር መታገል ናቸው።

ስለዚህ የሚከተሉት ደረጃዎች የማይሆኑትን አንድ በአንድ ለመጣል የተዘጋጁ ናቸው። በቅደም ተከተል ከሄዱባቸው መጨረሻው ላይ በእጅዎ የሚቀሩት ሁለት ወይም ሦስት ስሞች ብቻ ይሆናሉ። ዓመቶቹና ወራቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ፣ ቤተሰቡን ማወቅ

ዩኒክስ በ1969 በቤል ላብራቶሪ ተወለደ። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያደገው ቅርንጫፍ ቢኤስዲ ተባለ፤ ከእርሱም በ1993 ኔትቢኤስዲ እና ፍሪቢኤስዲ ወጡ። ቴዎ ደ ራት በ1995 ከኔትቢኤስዲ ተለይቶ ኦፕንቢኤስዲን መሠረተ። በ2003 ደግሞ ድራጎንፍላይ ከፍሪቢኤስዲ ተገነጠለ። ሊኑክስ የመጣው በሌላ በር ነው፦ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከርነሉን (ፕሮግራሞችን ከማሽኑ ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘውን የሥርዓቱን እምብርት) ከባዶ ጻፈ፤ በዙሪያው ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ካወጀው የግኑ ፕሮጀክት የተገኙ ናቸው። በ1992 የኤቲ ኤንድ ቲ ቅርንጫፍ ኩባንያ በቢኤስዲ ኮድ ላይ ክስ መሥርቶ ነገሩ እስከ 1994 ስላልተቋጨ፣ በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሰው ወደ ሊኑክስ አዘነበለ። ዛሬ የምናየው የተጠቃሚ ቁጥር ልዩነት የጥራት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ ለማስታወስ ይህን ታሪክ ማወቅ አይከፋም።

ለመራጭ የሚጠቅመው ልዩነት ግን ሌላ ነው። ሊኑክስ ከርነል ብቻ ነው፤ ዴቢያን፣ ፌዶራ፣ ኡቡንቱ፣ አርች እና አልፓይን ከርነሉን ከሌሎች ቡድኖች ሥራ ጋር አገጣጥመው የሚያቀርቡ ስርጭቶች ናቸው። በቢኤስዲዎቹ ዘንድ ከርነሉም፣ መሠረታዊ ትእዛዞቹም፣ የመመሪያ ገጾቹም በአንድ ቡድን እጅ በአንድ የኮድ ማከማቻ ውስጥ ይሠራሉ። ፍሪቢኤስዲ ላይ አሳሽም ሆነ ዳታቤዝ ሲጭኑ ከመሠረቱ ተለይቶ በራሱ ማውጫ ሥር ይቀመጣል። የተጫኑት ፕሮግራሞች በሙሉ ቢጠፉ እንኳ መሠረቱ ቆሞ ይነሣል። ይህ ንጽሕና አንዳንዶችን በቀላሉ ያስወድዳል፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ቢሆንም መውደድ ለብቻው ማሽን አያስነሣም።

ደረጃ 1፦ ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

«ለሁሉም ነገር የሚሆን» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። «የዕለት ተዕለት ሥራ የምሠራበት ላፕቶፕ»፣ «ፋይሎችን ለብዙ ዓመታት የሚያኖር ሰርቨር»፣ «በውስጥ ኔትወርክና በኢንተርኔት መካከል የሚቆም ፋየርዎል»፣ «ዩኒክስን የምማርበት ትርፍ ኮምፒውተር» ብለው ይለዩ። ሁለት ሥራ ካለዎት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ መልሱም ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ ላይ ፌዶራ፣ ፋየርዎሉ ላይ ኦፕንቢኤስዲ ቢኖር ማንም አይከስዎትም።

ደረጃ 2፦ የማይተውትን ፕሮግራም ይለዩ

ያለ እርሱ ሥራዎ የሚቆምበት ፕሮግራም አለ? ካለ ምርጫው እዚሁ ሊያልቅ ይችላል። ፕሮግራሞችን ከነሚያስፈልጋቸው ነገር አሽጎ የሚያስኬደው ዶከር የሊኑክስ ከርነልን ይጠይቃል፤ በቢኤስዲዎቹ ላይ የሚሠራው በውስጣቸው ሌላ ሊኑክስ በማስነሣት ነው። በኤንቪዲያ ካርድ ላይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ማሠልጠን ካለብዎት ሊኑክስን ይያዙ፤ ክርክር አያስፈልገውም። ፍሪቢኤስዲ የኤንቪዲያ የማሳያ ድራይቨር (ሥርዓቱ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም) አለው፤ ኦፕንቢኤስዲ ግን ከኩባንያው የሚመጣ ድራይቨር የለውም። ፍሪቢኤስዲ ለሊኑክስ የተሠሩ ፕሮግራሞችን የሚያስኬድበት የተኳኋኝነት ንብርብር አለው፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል፣ የዕለት እንጀራዎን የሚያገኙበትን ፕሮግራም ግን አላስደግፍበትም።

በሊኑክስ ውስጥም ወጥመድ አለ። አልፓይን ትንሽና ፈጣን በመሆኑ ይወደዳል። ነገር ግን የሚጠቀምበት መሠረታዊ የሲ ቤተ መጻሕፍት (ፕሮግራሞች የሚደገፉበት የጋራ ኮድ) ሌሎች ስርጭቶች ከሚጠቀሙበት የተለየ ነው። በመሆኑም ኩባንያዎች ተሠርቶ ያለቀ አድርገው የሚያቀርቡት ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አልፓይን ላይ አልነሣም ይላል።

ሌላው ሊያስደነግጥ የሚችለው ፕሮግራሙ ኖሮ ጠባዩ ሲለይ ነው። ኦፕንቢኤስዲ ላይ ፋየርፎክስን ከፍተው ለደብዳቤ ፋይል ሊያያይዙ ሲሉ የሰነዶች ማውጫዎ ባዶ ሆኖ ይታያል። ፋይሎቹ አልጠፉም። ሥርዓቱ አሳሹ ከማውረጃ ማውጫውና ከጊዜያዊው ማውጫ ውጭ የግል ፋይሎችዎን እንዳያይ ስለከለለው ነው፤ አሳሽዎ ቢጠለፍ ጠላፊውም ከዚያ አያልፍም። የሚልኩትን ፋይል መጀመሪያ ወደ ማውረጃው ማውጫ መቅዳት አለብዎት። ይህን ሲሰሙ «ብልህ ነው» ካሉ ኦፕንቢኤስዲ ለእርስዎ የታሰበ ነው፤ «ምን ዓይነት ጣጣ ነው» ካሉ ግን ፋየርዎል ላይ ይተዉት።

ደረጃ 3፦ ማሽኑን ራሱን ይጠይቁ

አብዛኛው ብስጭት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ በተለይ ላፕቶፕ ላይ። የቆየ ሰርቨር ወይም ባለገመድ ዴስክቶፕ ከሆነ ሁሉም ዕጩዎች ያልፋሉ ማለት ይቻላል። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ዋይፋዩን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ማንቀላፋትና መንቃቱን አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው። የቢኤስዲዎቹ የኢንቴልና የኤኤምዲ ስክሪን ድራይቨሮች ከሊኑክስ የተሻገሩ ናቸው፤ ስለዚህ ገበያ ላይ ገና የወጣ ካርድ ሊኑክስ ላይ ቀድሞ፣ እነርሱ ጋ ቆይቶ ይደርሳል።

የምርት ዝርዝር ከማንበብ ይልቅ ሥርዓቱን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ እርሱ ራሱ የሚያየውን መጠየቅ ይሻላል። እያንዳንዱ የሚመልስበት መንገድ አለው፦

- ሊኑክስ ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለውን ትእዛዝ «ኬ» ከሚለው አማራጭ ጋር (lspci -k) ያስኪዱ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር የትኛው ድራይቨር እንደያዘው የሚናገር መስመር ይወጣል። ከዋይፋይ ካርዱ ሥር ያ መስመር ከሌለ ካርዱ ባለቤት አላገኘም።
- ፍሪቢኤስዲ ላይ «ፒሲአይኮንፍ» (pciconf -l) ይባላል። የተያዘ ዕቃ በድራይቨሩ ስም ይጀምራል፤ ያልተያዘው «ነን» (none፣ ምንም) ብሎ ቁጥር ያስከትላል።
- ኦፕንቢኤስዲ ላይ ሲነሣ የሚያልፈውን ጽሑፍ በ«ዲሜሴጅ» (dmesg) መልሰው ያንብቡና መጨረሻቸው «ኖት ኮንፊገርድ» (not configured) የሚሉትን መስመሮች ይፈልጉ። ጥቂት መኖራቸው የተለመደ ነው። ከእነርሱ መካከል ዋይፋዩ ካለ ግን ነገሩ አልቋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንዳንድ የዋይፋይ ካርዶች ከድራይቨሩ ሌላ ፈርምዌር የሚባል ፋይል ይፈልጋሉ። ዴቢያን ከ12ኛው ዕትም ጀምሮ ይህን በመጫኛው ውስጥ አካትቷል። ኦፕንቢኤስዲ ግን ብዙውን ከኢንተርኔት ስለሚያወርደው በመጀመሪያው ቀን የኔትወርክ ገመድ በእጅዎ ይኑር። ሁለተኛ፣ ኦፕንቢኤስዲ ብሉቱዝን በ2014 አስወግዶታል። ጆሮ ማዳመጫዎ ገመድ አልባ ከሆነ ይህን ዛሬ ማወቅ ይሻላል።

ማሽኑ እጅግ ያረጀ ወይም እንግዳ ዓይነት ፕሮሰሰር ያለው ከሆነ ሌሎቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ ኔትቢኤስዲ ሳይቀበለው አይቀርም። ቡድኑ ከጅምሩ የተነሣው ለዚሁ ነው።

ደረጃ 4፦ የእያንዳንዱን ቀን መቁጠሪያ ከራስዎ ጋር ያስተያዩ

እኔ ከሁሉ በላይ የምመዝነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ሥርዓት «በዚህ ቀን ድጋፌ ያበቃል» የሚልበት ቀን አለው። ያን ቀን ያለፈ ማሽን የደኅንነት ጥገና አያገኝም።

ኦፕንቢኤስዲ በየ6 ወሩ አዲስ ዕትም ያወጣል፤ ጥገና የሚሰጠው ለመጨረሻዎቹ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ዕትም የሚኖረው አንድ ዓመት ያህል ነው፤ መዝለልም አይቻልም፣ በተራ መሸጋገር ያስፈልጋል። የሚክሰው ሽግግሩ በአንድ ትእዛዝ የሚያልቅ መሆኑ ነው። ፌዶራም በየ6 ወሩ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ዕትም 13 ወር ያህል ይደገፋል። ዴቢያን በ2 ዓመት አንድ ጊዜ ገደማ ይወጣል፤ ለ3 ዓመታት ሙሉ ድጋፍ፣ ቀጥሎም ለ2 ዓመታት የተራዘመ ድጋፍ ያገኛል። የኡቡንቱ ረጅም ዕድሜ ያለው ዕትም በ2 ዓመት አንዴ፣ በሚያዝያ ወር ወጥቶ ለ5 ዓመታት ይኖራል። ሮኪ እና አልማ ሊኑክስ እስከ 10 ዓመት ይሄዳሉ። የፍሪቢኤስዲ ዋና ቅርንጫፍ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል፤ በውስጡ የሚወጡት ንዑስ ዕትሞች ግን ቀጣያቸው ከወጣ ከ3 ወር በኋላ ስለሚቋረጡ አንዱን ይዞ መተኛት አይቻልም። ኔትቢኤስዲ አይቸኩልም፦ 9ኛው ዕትም በየካቲት 2020፣ 10ኛው በመጋቢት 2024 ወጣ።

አርች ዕትም የሚባል ነገር የለውም፤ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። በየሳምንቱ ለሚያዘምን፣ ከማዘመኑም በፊት የፕሮጀክቱን ዜና ለሚያነብ ሰው ምቹ ነው። ወራት አቆይቶ በአንድ ሌሊት ለማዘመን ለሚሞክር ሰው ግን አይሆንም፤ ግማሹን አዘምኖ ግማሹን መተውም አይደገፍም።

አሁን ወረቀት ይውሰዱና ማሽኑን በዓመት ስንት ጊዜ ከልብዎ ሊነኩት እንደሚፈልጉ በሐቀኝነት ይጻፉ። «በተቻለ መጠን በጭራሽ» ካሉ ኦፕንቢኤስዲ፣ ፌዶራና አርች እዚህ ይወድቃሉ። «በየወሩ ደስ እያለኝ» ካሉ የዴቢያን የቆዩ ፕሮግራሞች ሊያሰለቹዎት ይችላሉ።

ቀን መቁጠሪያው የሚታመነው ከጀርባው ያለው አካል እስከታመነ ድረስ ነው። ሴንትኦኤስ 8 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ሳለ በታኅሣሥ 2020 ዕድሜው በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ ተነገረ። ሰርቨሮቻቸውን በእርሱ ላይ የገነቡ ሰዎች አንድ ዓመት ብቻ ቀራቸው፤ ሮኪ እና አልማ የተወለዱት በዚያው ድንጋጤ ነው። ስለዚህ «ውሳኔውን የሚሰጠው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ዴቢያን የሚመራው ራሱ በመረጣቸው በጎ ፈቃደኞች ነው፤ ኡቡንቱ ከካኖኒካል፣ ፌዶራ ከሬድ ሃት ጋር የተሳሰሩ ናቸው። የኩባንያ ድጋፍ ገንዘብና ባለሙያ ያመጣል፤ የኩባንያውን የሐሳብ ለውጥም አብሮ ያመጣል።

ደረጃ 5፦ ፋይሎቹ የት ይተኛሉ?

ላፕቶፕ ብቻ የሚጭን ሰው ይህን ክፍል በፍጥነት ሊያልፈው ይችላል፤ ዴቢያን የሚሰጥዎት ኤክስት4 የተባለ ፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) ለብዙ ሰው ይበቃል። ለዓመታት የሚኖር ማከማቻ ለሚሠራ ሰው ግን ዋናው ጉዳይ ዜድኤፍኤስ የሚባለው ፋይል ሥርዓት ነው። የእያንዳንዱን ቁራጭ መረጃ ማረጋገጫ ቁጥር ይይዛል፤ ዲስኩ በዝምታ የተበላሸ ነገር ቢመልስ ያውቅበታል፣ ሁለተኛ ቅጂ ካለም ያስተካክለዋል። ፍሪቢኤስዲ ውስጥ የሥርዓቱ አካል ነው፤ መጫኛው ራሱ ይጠይቅዎታል። ሊኑክስ ላይም ይሠራል፤ ሆኖም በፍቃድ አለመጣጣም ምክንያት ከከርነሉ ውጭ ስለሚቀመጥ አዲስ ከርነል ሲመጣ ሞጁሉ ወደ ኋላ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የማከማቻ ሰርቨር ከሆነ የእኔ ምርጫ ያለ ብዙ ማመንታት ፍሪቢኤስዲ ነው። የፌዶራ ዴስክቶፕ ከ2020 ጀምሮ በነባሪነት የሚጠቀምበት ቢቲአርኤፍኤስ ለአንድ ወይም ለሁለት ዲስክ ጥሩ ነው፤ ብዙ ዲስኮችን የሚያጣምሩትን ሬይድ 5 እና 6 የሚባሉትን አደረጃጀቶች ግን እንዳይሞክሩበት።

ኦፕንቢኤስዲ ዜድኤፍኤስ የለውም፤ የራሱ ፋይል ሥርዓትም የለውጥ መዝገብ አይዝም። ኃይል በድንገት ከተቋረጠ ሲነሣ ዲስኩን ይፈትሻል፤ አንዳንዴም ቆሞ እርስዎን ይጠብቃል። ሰው በማይደርስበት ስፍራ ለሚቀመጥ ፋየርዎል ይህን አስቀድመው ያስቡበት።

ስለ ፍቃድ አንድ አንቀጽ ብቻ። ለራስዎ የሚጠቀሙ ከሆነ በጂፒኤል (የሊኑክስ ከርነል በሚወጣበት ፍቃድ) እና በቢኤስዲ ፍቃድ መካከል ያለው ልዩነት አይነካዎትም። ኮዱን አሻሽለው በሚሸጡት ዕቃ ውስጥ የሚያስገቡ ከሆነ ግን ጂፒኤል የለወጡትን ምንጭ ኮድ ለደንበኛው እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ የቢኤስዲ ፍቃድ አያስገድድም። ሶኒ ለፕሌይስቴሽን 4 ፍሪቢኤስዲን መሠረት አድርጎ ኮዱን ዝግ አድርጎ መያዝ የቻለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ከመጫን በፊት አንድ ተግባር ከሰነዱ ያንብቡ

ቀላል ፈተና ነው። «ለማሽኑ ቋሚ የአይፒ አድራሻ እንዴት እሰጣለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ይያዙና የእያንዳንዱን ዕጩ ይፋዊ ሰነድ ይክፈቱ። ኦፕንቢኤስዲ ላይ በኔትወርክ ካርዱ ስም የተሰየመ ፋይል ይፈጥራሉ፤ ውስጡ አንድ መስመር ይጽፋሉ፤ አለቀ። ፍሪቢኤስዲ ላይ የሥርዓቱ ቅንብሮች በሚሰበሰቡበት በአንዱ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጨምራሉ። ሊኑክስ ላይ መልሱ እንደ ስርጭቱ ይለያያል፦ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ኔትወርክማናጀር ሊሆን ይችላል፣ ሲስተምዲ ሊሆን ይችላል፣ ኡቡንቱ ላይ ደግሞ ኔትፕላን ይገባበታል። ከየትም ተቀድቶ የመጣ ምክር እርስዎ ጋ የማይሠራውም ለዚህ ነው።

ሰነዱን ሲያነቡ ገባዎት? የፍሪቢኤስዲ መማሪያ መጽሐፍ፣ የኦፕንቢኤስዲ የመመሪያ ገጾች እና የአርች ዊኪ በጥራታቸው የተመሰከረላቸው ናቸው፤ የአርችን ዊኪ ሌላ ስርጭት የያዙ ሰዎችም ይገለገሉበታል። ሰነዱ ካልገባዎት ሥርዓቱ ጥሩ አይደለም ማለት አይደለም። በሚበላሽበት ሌሊት ግን ከእርሱ በቀር አጋዥ አይኖርዎትም።

ደረጃ 7፦ የቀሩትን ይሞክሩ፣ ያበላሹ፣ ያሻሽሉ

በዚህ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ስም ቀርቷል። ቨርቹዋል ማሽን (ባለዎት ሥርዓት ውስጥ እንደ ፕሮግራም የሚነሣ ኮምፒውተር) ትእዛዞችን ለመልመድ ይጠቅማል፤ ስለ ዋይፋይና ስለ ማንቀላፋት ግን ምንም አይነግርዎትም፤ የሚያሳይዎት የተመሰለ ዕቃ ነውና። ዴቢያን፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ሳይጫኑ ከፍላሽ የሚነሡ ቅጂዎች አሏቸው። ፍሪቢኤስዲን በዴስክቶፕ መልክ ለማየት በእርሱ ላይ የተገነባውን ጎስትቢኤስዲ ያስነሡ። ኦፕንቢኤስዲ ይህን መሰል ቅጂ ባይኖረውም በሌላ ፍላሽ ዲስክ ላይ ሙሉ በሙሉ ጭነው በፈለጉት ማሽን ሊያስነሡት ይችላሉ።

የወረደውን ፋይል ማረጋገጫ ቁጥር ከይፋዊው ጋር ያስተያዩ። ወደ ፍላሽ ሲጽፉም የዲስኩን ስም ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፤ «ዲዲ» የሚባለው ትእዛዝ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ አይጠይቅም፣ የተሰጠውን ዲስክ ይደመስሳል።

ከዚያ በትርፍ ዲስክ ላይ ይጫኑና ይፈትኑት። ላፕቶፑን አስተኝተው ያንቁ፤ ስክሪኑም፣ ድምፁም፣ ዋይፋዩም አብረው መንቃታቸውን ይዩ። ሁለተኛ ስክሪን ይሰኩ። በሚጽፉበት ቋንቋ ይጻፉ። ብዙ ፋይል እየተቀዳ ሳለ ኃይሉን ያቋርጡና ሲነሣ የሚለውን ያንብቡ፤ በእርግጥ ይህ ቢጠፋ በማይቆጭ መረጃ ላይ ብቻ ነው።

ማንም የማያደርገው፣ እኔ ግን ሁሉም እንዲያደርገው የምወተውተው ፈተና ይህ ነው፦ ሆን ብለው ያለፈውን ዕትም ይጫኑ። የሚፈልጓቸውን ፕሮግራሞች ይጨምሩ፣ ጥቂት የቅንብር ፋይሎችን ይለውጡ፣ ከዚያ ወደ አዲሱ ያሻሽሉት። ዴቢያን ላይ በጥቅል ምንጮች ፋይል ውስጥ «ቡክወርም» የሚለውን የ12ኛውን ዕትም ስም በ13ኛው ስም፣ በ«ትሪክሲ» ተክተው ሙሉ ማሻሻያውን ያስኬዳሉ። መሐል ላይ ቆሞ «እርስዎ የለወጡትን ፋይል ላቆየው ወይስ አዲሱን ልተካ?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ሲመጣ ልብዎ ምን ያህል እንደሚመታ ያስተውሉ። ኦፕንቢኤስዲ አውርዶ፣ ራሱን አጥፍቶ፣ አሻሽሎ ይነሣል፤ ፕሮግራሞቹን በሌላ ትእዛዝ ያሻሽላሉ። ፍሪቢኤስዲ ላይ ዜድኤፍኤስ ከመረጡ ከማሻሻልዎ በፊት «ቤክትል» በሚባለው ትእዛዝ የሥርዓቱን የማስነሻ ቅጂ ይይዛሉ፤ ማሻሻያው ከከሸፈ በመነሻው ምናሌ ላይ የድሮውን መርጠው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ትናንት ይመለሳሉ። ይህን አንድ ጊዜ ሆን ብሎ አክሽፎ መመለስ ስለ ሥርዓቱ ብዙ ይነግራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለቱ እኩል ከሆኑብዎት አጠገብዎ የሚያውቀው ሰው ያለበትን ይውሰዱ። የሚያውቅ ሰው ከሌለ ለላፕቶፕ ዴቢያንን እመክራለሁ፤ ማሽኑ በጣም አዲስ ከሆነ ፌዶራን።

ውሳኔው ሲያልቅ የፕሮጀክቱን የደኅንነት ማስታወቂያ በኢሜይል ለመቀበል ይመዝገቡ፤ የዕትሙን የድጋፍ ማብቂያ ቀንም በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ከሁለት ወር አስቀድመው ይያዙ። የድሮውን ዲስክ ነቅለው ያስቀምጡ። ምትኬዎን በአዲሱ ሥርዓት ላይ መልሰው ከፍተው ፋይሎቹን በዓይንዎ እስኪያዩ ድረስ አይደምስሱት።